የገጽ 112 ኅዳግ

በዚያ እሁድ ከተናገርኩት የሚጸጽተኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰሚው ሁሉ ስለ አንድ ልቦለድ የተሰጠ አስተያየት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መስተዋት ፊት ቆሜ ነጠላዬን ሳስተካክል የራሴን ዓይን ማየት አቃተኝ።

እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ሰባት ሆነን በየወሩ አንድ ልቦለድ እናነባለን። መጽሐፉ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ይመጣል። የሚደርሰን ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ነው፤ መንገዱ በሚዘጋባቸው ወራት ያውም በስንት ልመና። አንድ መጽሐፍ ለሰባት ሰው በአንድ ወር እንዴት ይዳረሳል? መላውን ያመጣው ከሰባታችን አንዱ ቃለአብ ነው። የመጽሐፉን ጀርባ በቢላ ያላቅቅና ሰባት ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱን ክፍል ጥራዝ እንለዋለን። የመጀመሪያው ሰው አንደኛውን ጥራዝ በሁለት ቀን አንብቦ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ እሱ ሁለተኛውን ይይዛል። እንዲህ ስንቀባበል ወሩ ሳያልቅ መጽሐፉ ሁላችንን ያዳርሳል። በመጨረሻ ቃለአብ በሰም በታሸ ክር መልሶ ይሰፋውና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይገባል። እሱ ከሰፋው መጽሐፍ አንድም ገጽ ረግፎ አያውቅም።

ተራውን ያወጣው ሰብሳቢያችን ሰለሞን ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። እሱ ራሱ ይጀምራል፣ ሁለት ወጣት መምህራን ይከተላሉ፣ ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ያላት ራውዳ፣ ቀጥሎ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ወለተ ኢየሱስ፣ ቀጥሎ እኔ። ስፌቱ የእሱ ስለሆነ ቃለአብ መጨረሻ። ሰለሞን ይህን ሲጽፍ ምንም አላሰበም። እኔ ግን በየሁለት ቀኑ ከባለቤቴ እህት እጅ የተቀበልኩትን ለቃለአብ እጅ የማስረክብ ሴት ሆንኩ።

ቃለአብ ጫማና ኮርቻ ሰፊ ነው። ትውልዱ ራቤል ነው፤ አባቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ብራና ይፍቁ ነበር። አንድ ቀን፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ያለ ምሬት፣ “በአባቴ ብራና የተጻፈውን መጽሐፍ ጎንበስ ብለው ይሳለሙታል። አባቴን ግን ከደጃፍ አያሳልፏቸውም ነበር” ብሎኛል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል። እኔ ዲግሪ ያለኝ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ከጨዋ ቤት ተወልጄ ለጨዋ ቤት የተዳርኩ። ጨዋ የሚለውን ቃል ዛሬ የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

መጀመሪያ ሱቁ የሄድኩት ባለቤቴ መርስዔ ኃዘን ባረፈ በዓመቱ ነው። ጥቁር ጫማውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ ሶሉ ተልጦ ነበር። ቃለአብ ጫማውን አገላብጦ አየ። ቀና ብሎ ጥቁር ልብሴን አየ።

“መቼ ይፈለጋል?” አለ።

“አይቸኩልም።”

ስመለስ ሶሉ አዲስ ነበር፤ ጫማው ተወልውሎ፣ ማሰሪያው ታጥቦ ደርቆ ነበር። እትዬ ለምን ለነዳያን እንደማልሰጠው ጠይቀውኛል። ጎረቤቶቼም ጠይቀውኛል። ስለዚያ ጫማ ምንም ያልጠየቀኝ ሰው ቃለአብ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ንባቡ እንዲመጣ የጋበዝኩት እኔ ነኝ።

በእርሳስ መጻፍ የጀመርኩትም እኔ ነኝ። ሳነብ የመሰለኝን በኅዳጉ ላይ ደቃቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ቃለአብ ከሥሩ ይመልስልኛል። አዲሱን ጥራዝ ሳመጣለት የቀደመውን ይገልጥና ያሳየኛል፤ እዚያው ቆሜ አንብቤ፣ ካስፈለገም መልሼ ጽፌ እሄዳለሁ። በወሩ መጨረሻ የምንወያይበት እሁድ ከመድረሱ በፊት ሁሉንም በላጲስ ያጠፋዋል። ሰው ቢያየን መጽሐፍ የሚቀባበሉ ሁለት ሰዎች ነን። ለስምንት ወር የጻፍኩለት ደብዳቤ ሁሉ በላጲስ ፍርፋሪ ሆኖ ከጠረጴዛው ላይ ተጠርጓል።

የዚያ ወር ልቦለድ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባትና የከበረ ቤት ስላላት ሴት ነበር። የጓሮ ክፍሏን ተከራይቶ የሚኖር ሸማኔ አለ። በመጨረሻ፣ ዘመዶቿ በተሰበሰቡበት፣ ታገባዋለች። ገጽ 112 ላይ ሸማኔው ለጋብቻ ሊጠይቃት ተነሥቶ ዝም ብሎ ይመለሳል። እኔ በኅዳጉ ላይ፣ “ለምን ዝም ይላል? ቢጠይቃት እሺ ትለው ነበር” ብዬ ጻፍኩ።

ቃለአብ ከሥሩ፣ “ሰው ፊት እሺ ትለው ነበር?” ብሎ ጻፈ።

ሱቁ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። እሱ ኮርቻ ላይ አጎንብሶ ወስፌውን ይገፋል፤ ቀና አላለም። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። እርሳሱን ከጠረጴዛው አንሥቼ፣ “ትላለች” ብዬ ጻፍኩ።

ጥራዙን ወስዶ አነበበ። ላጲሱን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። በስምንት ወር እጁን ስይዘው የመጀመሪያዬ ነበር።

“ይችን አታጥፋት። እስከ እሁድ ትቆይ።”

“እትዬ ወለተ ኢየሱስ ቢያዩትስ?”

“አያዩትም።”

“ቢያዩትስ፣ ትሕትና?”

ሳቅሁ። “ይዩት!” አልኩ። ደፋር የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

*

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ወርዶ ነበር። በርኖስና ጋቢያችንን እንደ ደረብን ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን። ቃለአብ ሰባቱን ጥራዞች በክር አስሮ ከፊቱ አኑሯል፤ ገጽ መጥቀስ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ብሎ ሁልጊዜ የሚሰፋው ከውይይቱ በኋላ ነው።

ሰለሞን መጨረሻው የተቻኮለ ነው አለ። አንደኛው መምህር በዘመድ ፊት የሚሆነው ክፍል አስለቅሶኛል ሲል ጓደኛው ሳቀበት።

“እኔ ደራሲውን ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው” አለች ራውዳ። “ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ሰው ምሳ አልበላም! በፍቅር ነው የሚጠግቡት?”

ሁላችንም ሳቅን። ቃለአብ እንኳ ሳቀ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ግን ሳይስቁ መነጽራቸውን ጠረጉ። አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ይሆናል።

“ጨዋ ሴት ናት ብሎ ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ አዋረዳት” አሉ። “ያቺ ገጽ የት ነበረች? ሰውዬው ሊጠይቃት መጥቶ ዝም ብሎ የሚመለስባት? እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ቃለአብ፣ እስቲ ሦስተኛውን ጥራዝ አቀብለኝ።”

እጃቸውን ዘረጉ።

ቃለአብ አልተንቀሳቀሰም። እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ፈርቶ አልነበረም፤ ፈቃዴን ይጠይቀኝ ነበር። ላቀብላቸው? ይዩት ብለሽ የለም?

የእትዬ እጅ በአየር ላይ ነበር። የምኖርበት ቤት የአባታቸው ቤት ነው። በባለቤቴ ቀብር ላይ ደግፈው ያቆሙኝ እጆች እነዚያ ናቸው።

“ገጹን መፈለግ አያስፈልግም እትዬ” አልኩ። ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፄ ነበር፤ ጥርት ያለ። “ባሏን በክብር የቀበረች ሴት እጁ ቆዳ ቆዳ ከሚሸት ሰው ጋር አንድ ማዕድ አትቀርብም። ደራሲው ሴት አያውቅም።”

“ይኸው!” አሉ እትዬ፣ እጃቸውን መልሰው። “የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።”

ራውዳ ግን ግንባሯን ቋጠረች። “ቆይ እንጂ፣ ሰውዬው እኮ ሸማኔ ነው። ቆዳ ከየት መጣ?”

ነፋሱ ቆርቆሮውን አንቀጫቀጨው። አንድ በአንድ፣ ሳይፈልጉ፣ ሁሉም ወደ ቃለአብ አዩ። ራውዳ ያለችው ነገር ለራሷ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገ። “ቃለአብ፣ ያንተ አስተያየትስ?”

ቃለአብ ጥራዞቹን ሰብስቦ ጠርዛቸውን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለ። እጆቹን ከጠረጴዛው በታች አወረደ።

“እኔ መጨረሻው እውነት መስሎኝ ነበር” አለ። “ተሳስቼ ነው ያነበብኩት።”

*

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። በሩ ላይ ስቆም ቀና ብሎ አየኝና ተነሣ። ከዚያ በፊት ተነሥቶልኝ አያውቅም ነበር።

“መምህርት፣ ምን ልታዘዝ? የሚሰፋ አምጥተዋል?”

አምጥተዋል አለኝ። እንደ እንግዳ ሰው።

“ቃለአብ፣ ትናንት የተናገርኩት…”

“ልቦለድ ነው መምህርት። ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። ደንባችን ነው።”

ቀረብ ስል ሳሙና ሸተተኝ። እጆቹን አየሁ። በዚያ ብርድ ደጋግመው ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀው፣ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ደም ቋጥረዋል። ማየቴን ሲያውቅ ወደ ኪሱ ከተታቸው።

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የተዘጋጀሁበት ይቅርታ ሁሉ ጠፋኝ። “ደህና ዋል” ብቻ ብዬ ወጣሁ። ወደ ቤት ስሄድ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ሳልመልስ አለፍኩ። የማውቃቸው ሁሉ የሚያውቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሰለሞን አዲስ ተራ አመጣ። ቃለአብ፣ ሥራ ስለሚበዛብኝ ቀድሜ ልጨርስ ብሎት አንደኛ ሆኗል። መጨረሻ እኔ ነኝ። ያነበብኩትን ጥራዝ ለሰለሞን አስረክባለሁ፤ ሰለሞን ያጠራቅማል። በየሁለት ቀኑ ወደዚያ ሱቅ የሚወስደኝ ምክንያት እንዲህ በአንድ ቁራጭ ወረቀት አለቀ።

ራውዳ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ያዘችኝ።

“አፌ ይቆረጥ ትሕትና። እኔ ባልናገር ኖሮ ማንም አያስተውልም ነበር። አፉ በይኝ።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“ጥፋቱማ ያንቺ ነው! እኔ ይቅርታ የምጠይቅሽ ስላወጣሁት ነው፤ ስላልሽው አይደለም።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ትወጂዋለሽ?”

ዓይኔን ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ አዞርኩ። ፊቴን አንብባ ተነፈሰች።

“ይቅርታ ጠይቀሽዋል?”

“ሱቁ ሄጄ ነበር። አላስጀመረኝም።”

“ሱቁ? ብቻውን?” አለች። “አንቺ፣ የሰደብሽው እኮ ሰው ፊት ነው።”

*

የተሰፋው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር። ማንም በሌለበት ሰዓት ሄጄ አወጣሁት። ስፌቱ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ገጽ 112ን ገለጥኩ።

ኅዳጉ ነጭ ነው። አጥፍቶታል። በጥንቃቄ ከማጥፋቱ የተነሣ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። እንደ ሰደብኩት እያወቀ፣ መጽሐፉን የሚዋስ ሰው እንዳያየኝ ስሜን ጠብቆልኛል።

መጽሐፉን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ገብታ ነበር። ገጹን ዘንበል ሳደርገው የእርሳሱ ጉድጓድ ታየኝ። ቀለሙ ሄዷል፤ የተጫንኩበት አልሄደም። ለምን ዝም ይላል? የእሱ ጽሕፈት ፈዘዝ ይላል፤ እንደሚጠራጠር ሰው ቀስ ብሎ ነው የጻፈው። ሰው ፊት እሺ ትለው ነበር? ከሁሉ የጠለቀው የእኔ የመጨረሻ ቃል ነው። ትላለች። ያን ያህል ተጭኜ ነበር የጻፍኩት። በጣቴ ስነካው ይታወቀኛል።

መስኮቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለሌላ ሰው ስል ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዚያም አፈርኩ።

*

የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደረሰ። ሰባታችንም መጣን። ቃለአብ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እጆቹ በርኖሱ ውስጥ ናቸው። የወሩ መጽሐፍ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ምን እንደተባለ አላስታውስም። ተራው እስኪደርሰኝ ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅሁትን ያለፈውን ወር መጽሐፍ በጉልበቴ ላይ ጨብጬ ነበር።

“ትሕትና” አለ ሰለሞን።

ተነሣሁ። ተነሥቶ አስተያየት የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም ቀና አሉ።

“ስለዚህ ወር መጽሐፍ የምለው የለኝም። ባለፈው ወር የሰጠሁት አስተያየት ውሸት ነበር።”

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። “ምን ማለትሽ ነው?”

መጽሐፉን አውጥቼ ገለጥኩት። ከመስኮቱ በኩል ወደሚመጣው ብርሃን ዞርኩ።

“ገጽ 112 ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነበር። ጠፍቷል፤ ግን ይነበባል። ላንብበው።” ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፄ አልነበረም። ተሰባበረብኝ። “‘ለምን ዝም ይላል? ቢጠይቃት እሺ ትለው ነበር።’ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ፣ ‘ሰው ፊት እሺ ትለው ነበር?’ የሚል አለ። እኔም፣ ‘ትላለች’ ብዬ መለስኩ። እሁድ ሆነ፣ ሰው ፊት ሆነ፣ የተናገርኩትን ሰምታችኋል።”

ራውዳ አቀርቅራ ነበር። ሰለሞን ብዕሩን አስቀመጠ።

“ሁለተኛውን የጻፈው ማነው?” አሉ እትዬ። ያውቁ ነበር። እንድናገረው ነው የፈለጉት፤ ወይም እንዳልናገረው።

“ቃለአብ ነው።”

ስሙ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ወደ በሩ ለማየት አልደፈርኩም።

“እጁ ቆዳ ይሸታል ያልኩት ስለ እሱ ነው። ሸማኔው ትዝ እንኳ አላለኝም። ያን ቀን ጥራዙን ሊያዩት ስለነበር ፈራሁ እትዬ። እርስዎን ፈርቼ እሱን ሰደብኩት። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሰፍቶ፣ እኔን የሚያሳፍረኝን አጥፍቶ፣ ለእናንተ መለሰላችሁ።”

“ወንድሜንስ?” አሉ እትዬ። ድምፃቸው የመምህር ድምፅ አልነበረም፤ የእህት ነበር። “ወንድሜን ረሳሽው?”

“አልረሳሁትም። ጫማው አልጋዬ ሥር ነው። ሶሉን ያደሰው ቃለአብ ነው።”

እትዬ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን የሚነኩኝ መስሎኝ ነበር። አልነኩኝም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቃለአብ ተነሥቶ ከፈተላቸው። አንድ አፍታ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት፤ “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ወጡ። ገጽ ሊጠቅሱ ከጠረጴዛው አንሥተውት የነበረው ጥራዝ ወንበራቸው ላይ ቀረ።

ተቀመጥኩ። ፊቴ ይነድ ነበር። የተናገርኩት ነገር ከብዶኝ የነበረውን አላቀለለልኝም፤ ሌላ ጨመረብኝ። ቤቴ ስገባ እትዬን ምን እላቸዋለሁ? ነገ መምህራን ክፍል ስገባስ?

ሰለሞን ወረቀቱን አንሥቶ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣ። “እ… የሚቀጥለው ወር ተራ። እንደ ቀድሞው ቃለአብ አንደኛ…”

“አይ” አለ ቃለአብ።

ቀና አልኩ። አላየኝም። ወደ እትዬ ወንበር ሄዶ የቀረውን ጥራዝ አነሣ፤ አቧራ እንዳለበት ሁሉ በመዳፉ ጠረገው። እጆቹ ከበርኖሱ ወጥተዋል። ስንጥቁ ሽሯል፤ ጥፍሮቹ ሥር የቆዳ ቀለም አለ።

“ወደ ቦታዬ መልሰኝ” አለው ሰለሞንን። “መጨረሻ።”

ሰለሞን ጻፈ። ሌሎቹ የሆነ ነገር እያወሩ ተነሡ፤ ራውዳ ሁለቱን መምህራን እየገፋች አስወጣቻቸው። ሰለሞን መደርደሪያው ኋላ ቁልፍ ፍለጋ ገባ፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ቃለአብ በእጄ የያዝኩትን መጽሐፍ ተቀበለኝ። ገጽ 112ን ገልጦ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገው። ያንን የሳሳ ቦታ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው፤ እኔ የዳሰስኩትን ቦታ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እኔም ይቅርታ አድርግልኝ ማለት አልሆነልኝም።

“ከእንግዲህ በእርሳስ አትጻፊ” አለኝ።

መጽሐፉን ክፍት እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቦርሳዬን ከፍቼ በላጲስ የማይጠፋ ነገር ፈለግሁ። የነበረኝ የተማሪ ፈተና የማርምበት ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ክዳኑን ነቅዬ ወደ ኅዳጉ አጎነበስኩ፤ እሱም አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።